እንደተናገሩት ጻፊው

መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ የድሮው ሱቅ በፈረሰ በሳምንቱ እትዬ ልክ የስፌት ማሽኗንና የእንጨት የእግር ቅርጾቿን ጠቅልላ አንዲት ፎቅ ላይ ያለች ክፍል ውስጥ ገባች። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ፣ ደግሞም «ልኩን ካገኘሁት ሌላውን ለእኔ ተዉት» ማለት ስለምታበዛ፣ ሰው እትዬ ልክ ብሎ አስቀራት።

ሥራዋ ጫማ ነው። አንድ እግሩ ከሌላው ያጠረ፣ አንዱ የሰፋ፣ ጣቱ የተቆረጠ፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ፣ ብቻ ሱቅ ውስጥ ከተደረደረው ጫማ ሁሉ አንድ እንኳን የሚሆነው ያጣ ሰው ነው ወደ እሷ የሚመጣው። ሙያውን ያስተማራት ባሏ ነው። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመቱ፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቀብሩ ሳምንት ወዲህ ወስፌዋን ሳታነሳ የዋለችበት የሥራ ቀን የለም።

አዲሷ ክፍል ጥሩ ናት። በሁለት በኩል መስኮት አላት፣ ቆዳው ሲቆረጥ መስመሩ ወለል ብሎ ይታያል፣ የማስቲሹም ሽታ ቶሎ ይወጣል። ችግሯ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ መውጣት አለ፤ እሱን እንኳን መሃል ላይ ካለችው ጠፍጣፋ ቦታ በርጩማ አስቀምጣ አቃለለችው። ሁለተኛው ግን ባሰ፦ እዚያ መግባቷን የሚያውቅ የለም። የድሮው ሱቅ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ስለነበረ፣ ሐኪሙ «ተሻግራችሁ ሂዱ» ሲል ሰው ተሻግሮ ይመጣ ነበር። ያ ሐኪም ጡረታ ወጣ። ሱቁም አስፋልት ሆነ። የእሷ ደንበኛ ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ አሁን ቢመጣ የሚቀበለው የመንገድ መዳመጫ ነው።

ዕቃውን ያመላለሰላት ትልቁ ልጇ ነው። ብረት በያጅ ነው፣ የራሱ ሠራተኞች አሉት። የመጨረሻውን ሳጥን አስቀመጠና ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? እኔ ጋ ክፍል አለ። ልጆቹም አያታቸውን ይፈልጋሉ። አርፈሽ ብትቀመጪስ?»

«አርፌ ተቀምጬ ምን ልሥራ? የልጆችህን ጫማ እያሰርኩ ልዋል?»

«እሱስ ምን አለበት?»

እትዬ ልክ ሜትሩን ካንገቷ ላይ አስተካከለች። «ሦስት ወር ስጠኝ። ዝናብ እስኪገባ። እስከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው፣ እኛ ሳንጠራው በራሱ ፈልጎ ይሄን ደረጃ ካልወጣ፣ ማሽኑን በገዛ እጄ አስጭንሃለሁ። አንድ ቃል አልተነፍስም።»

ልጁ እናቱን ያውቃታል። ካለች አለች ነው። «እሺ፣ ሦስት ወር» አለና ወረደ።

ትንሿ ልጇ ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው። የቀን መቁጠሪያ፣ የጥሪ ካርድ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እሷ ናት የምታሳምረው። ወንድሟ ያለውን ስትሰማ በማግስቱ ኮምፒውተሯን አንጠልጥላ መጣች።

«እማ፣ ዌብሳይት እሠራልሻለሁ።»

«ምን ያደርግልኛል?»

«ሰው ስልኩ ላይ ጽፎ ሲፈልግ አንቺን ያወጣልሻል።»

«ማን ነው የሚያወጣኝ?»

«መፈለጊያው ነዋ። ማሽን ነው። ያለውን ገጽ ሁሉ እየዞረ ያነባል፣ ይመዘግባል፤ ሰው ሲጠይቀው ደግሞ ከመዝገቡ እያወጣ ይነግረዋል።»

እትዬ ልክ ወደደችው። ዞሮ የሚያነብ፣ የሚመዘግብ፣ ለጠየቀው የሚመልስ። «ደህና ጸሐፊ ነው በይኛ» አለች። «እንግዲያውስ አስመዝግቢኝ።»

ከዚያ ስለ ደብተሮቹ ተነሣ። ባሏ አንድ ልማድ ነበረው። አዲስ ሰው መጥቶ ሲቀመጥ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ምን ሆነው ነው?» ይለዋል። ሰውዬው ያለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ልክ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። «እግሩ የትም አይሄድም፣ ይሄን አነጋገሩን ግን ነገ አይደግመውም» ይል ነበር። ጽሕፈቱ ደግሞ ሲያዩት ያጠግባል። እያንዳንዷ ፊደል ተወልውላ መደርደሪያ ላይ የቆመች ጫማ ትመስላለች። አሥራ አራት ደብተር ሞልቶ ነው ያረፈው። አሥራ አምስተኛው የእትዬ ልክ ነው፤ የእሷን ጽሕፈት ራሷም «ዶሮ የጫረው ነው» ትላለች።

ልጅቱ ደብተሮቹን ስታገላብጥ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እማ፣ ዌብሳይቱ በአባዬ እጅ ጽሕፈት ይሁን» አለች። እናትም ይሄን ስትሰማ ሌላ ምን ትላለች። ስሞቹን ብቻ «የሰው ገመና ነው» ብላ በቁራጭ ቆዳ እየሸፈነች፣ ልጅቱ ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሣች። አዲሱን አድራሻ አባቷ መቼም አልጻፈውም። ምን አደረገች መሰላችሁ፤ ከዚህኛው ገጽ አንድ ፊደል፣ ከዚያኛው አንድ ፊደል እየለቀመች አድራሻውን በእሱ እጅ አጻፈችው። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ሲያልቅ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። እሱ ራሱ ተመልሶ መጥቶ ሱቁን የከፈተ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ምዝገባው መጣ። መፈለጊያው መጀመሪያ «ገጹ የናንተ ለመሆኑ ማረጋገጫ» ብሎ ለልጅቱ ረጅም ቁጥር ሰጣት፤ አስገባችው። የገጾቹን ዝርዝር ጠየቀ፤ ላከችለት። በአምስተኛው ቀን «ተመዝግቧል» የሚል መጣ። ልጅቱ ከሥራ ቦታዋ ደውላ ነገረቻት። እትዬ ልክ ስልኩን ዘግታ «ተመስገን» አለች፤ ክፍሉን ጠረገች፤ በርጩማውን ወለወለች፤ ተቀመጠች።

ማንም አልመጣም።

አንድ ወር ሙሉ ማንም አልመጣም። የሱቁን ስም ሲጽፉት ገጹ ፊት ለፊት ይወጣል። «ስማችንን የሚያውቅማ ምን ፍለጋ ያስፈልገዋል» አለች እትዬ ልክ። ስንት ሰው እንዳየው የሚቆጥር ነገር ነበር፤ ልጅቱ ከፍታ «ሰባት ሰው» አለች።

«ሰባትም ጥሩ ነው።»

«እማ፣ ከሰባቱ አራቱ አንቺ ነሽ።»

አንድ ከሰዓት መነጽሯን አድርጋ ራሷ ሞከረችው። ደንበኛ ብሆን ምን እላለሁ ብላ፣ በአንድ ጣቷ እየፈለገች «አንዱ እግሬ አጭር ነው ጫማ የት ላሠራ» ብላ ጻፈች። የሩጫ ጫማ ሻጭ መጣ። ባለ ታኮ የሴት ጫማ ሻጭ መጣ። ስለ ውሻ እግር የሚናገር ሁሉ መጣ። የእሷ ሱቅ የለም።

«ይሄው ቃል እኮ ሦስተኛው ገጻችን ላይ አለ» አለቻት ለልጅቱ። «አላነበበውም ማለት ነው?»

«ያነበዋል፣ ጊዜ ይፈልጋል።»

እትዬ ልክ ጊዜ ከፈለገ ብላ ጠዋት ስትጸልይ መፈለጊያውንም ጨመረችው። ለልጆቿ ጤና፣ ለሟች ነፍስ፣ ለታመሙት ምሕረት ትለምንና መጨረሻ ላይ «ያንንም ማሽን ዓይኑን ክፈትለት» ትላለች። ፈጣሪ ስለ ማሽን ሲለመን አይሰማም ያለ የለም።

በሁለተኛው ወር ማለቂያ ላይ ትልቁ ልጇ ሊጠይቃት መጣ። የመጣበት ጉዳይ ግን በዓይኑ ማሽኑን ሲለካ ታወቀበት።

«ይሄ በዚህ በር ይወጣል?»

«ገብቶ የለ እንዴ። መውጣቱን ይወጣል። ግን አይወጣም።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ የያዘችውን ሶል ጠርዙን መሞረድ ቀጠለች። አንድ ቀን እንኳን አልተጠራጠረችም። እንዴት እንደሚሆን ነው እንጂ ያላወቀችው፣ መሆኑንማ ታውቃለች።

በሳምንቱ ጋሽ ሃሎ መጣ። ጋሽ ሃሎ ዓይነ ስውር ነው። ዕድሜውን በሙሉ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልክ አቀባይ ሆኖ የሠራ፣ ግራ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰለለ፣ ሃያ ዓመት የቆየ ደንበኛ ነው። አድራሻውን እሷው ደውላ ነግራዋለች፤ ስለዚህ ከቁጥር አይገባም። ደረጃውን በዱላው እየቆጠረ ወጣና በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ ልክ፣ እግር ለሌለው ሰው ፎቅ ላይ ሱቅ ከፈትሽለት። ቀጥሎ ለኔ መስታወት ልትሸጪልኝ ነው?»

«ግባ አንተ፣ ስታማርር አሥራ ዘጠኙን ጨረስካቸው።»

ተረከዙን እያደሰችለት ስለ ዌብሳይቱ አወራችው። ጋሽ ሃሎ ደስ አለው። «እስቲ ላንብበው» አለና ስልኩን አወጣ። የእሱ ስልክ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ የሱቁን ስም በቃሉ ነገረው፣ ገጹ ተከፈተ። ስልኩ በዚያ ፍጥን ፍጥን ባለ ድምፁ የሱቁን ስም ጠራ። ቀጥሎ «ምስል» አለ። «ምስል» አለ። «ምስል። ምስል። ምስል።»

እትዬ ልክ መዶሻዋን አስቀመጠች። «ምን ሆኖ ነው የሚንተባተበው?»

«አልተንተባተበም። ገጽሽ ላይ ያለው እሱ ነው። ፎቶ ነው የደረደርሽው፤ ይሄ ደግሞ ፎቶ ላይ የተጻፈ አያነብም። ፊደል ሆኖ ካልተጻፈለት እንደኔው ነው፣ ሳያይ ነው የሚያልፈው።»

«ያ ሁሉ ጽሕፈት?»

«ምን ተጽፎበታል?»

እትዬ ልክ እጇን ጨርቅ ላይ ጠረገችና ለልጇ ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ ያ የሚዞረው ማሽን ዓይን አለው?»

«ማለት?»

«የአባትሽን ጽሕፈት ያነበዋል ወይስ እንደ ጋሽ ሃሎ ስልክ ምስል ምስል እያለ ነው የሚያልፈው?»

ከወዲያ በኩል የማተሚያው ማሽን ሲንኳኳ ይሰማል። ኋላ ላይ ልጅቱ ቀስ ብላ «ወይ ጉዴ» አለች። «እማ፣ እኛ ጋ እኮ ወረቀት ላይ ሁሉም ያው ቀለም ነው። ሥዕሉም ቀለም፣ ፊደሉም ቀለም። አልመጣልኝም።»

«ታዲያ አሁን መጣልሽ። በይ ከሥራ ስትወጪ ነይ።»

ጋሽ ሃሎ ይሄን ሁሉ ሰምቶ ጫማውን እያደረገ «የስልክ ሥራ ለኔ መቼም አያልቅልኝም» አለ።

ልጅቱ መጣች፤ ፊቷ ግን ጠቁሯል። ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ ደብተሩን አጠገቧ አደረገች፣ መጻፍ ግን አቃታት።

«እኔ እዚህ በማሽን ፊደል ስጽፈው የአባዬ መሆኑ ይቀራል» አለች።

እትዬ ልክም ያው ነው የተሰማት። ግን ልጇን ስታይ ጠነከረች። ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባትሽ ይሄን ሲጽፍ ጽሕፈቴ ይታይልኝ ብሎ ነበር? ሰው የተናገረው እንዳይጠፋ ብሎ እኮ ነው። ፎቶዎቹን ከታች ተያቸው፣ ማየት የሚችል ይያቸው። ከላይ ግን ማሽኑም ጋሽ ሃሎም በሚያነቡት ፊደል ጻፊው። እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ጻፊ።»

መነጽሯን አደረገች። «አንዱ እግሬ አጭር ነው። ቀጥ ብዬ የቆምኩ ሲመስለኝ ሰው አዘንብለሃል ይለኛል።»

ልጅቱ ጻፈች። እትዬ ልክ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን ስታይ «የእግር ርዝመት አለመመጣጠን ላለባቸው ደንበኞች ተስማሚ መፍትሔ» ይላል።

«ይሄ ማን ያለው ነው?»

«እማ፣ እንዲህ ሲሆን እኮ ደስ ይላል። ወግ ያለው ነው።»

«ወግ ያለው ሰው ነው እግሩ የሚያመው? የታመመ ሰው ስልኩን አንሥቶ አለመመጣጠን ብሎ አይጽፍም። ይሄው ሰው ያለው ተጽፎልሽ የለ። እንደተናገሩት ጻፊው።»

እንደተናገሩት ጻፈችው። «ሁለት ጥንድ ገዝቼ ሁለት ነጠላ ነው የምጥለው።» ጻፈች። «ከጫማዬ በፊት ወገቤ አለቀ።» ጻፈች። «ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው፤ አጭሩ እግሬ ደህና ነው፣ የሚያመኝ ረጅሙ ነው።» እዚህ ላይ ልጅቱ ቀና አለች።

«ይሄ ግን ተሳስቷል መሰለኝ። የሚያመው አጭሩ አይደለም እንዴ?»

«አልተሳሳተም። ክብደቱን የሚሸከመው ረጅሙ ነው። እሱን የሚያውቀው ያለበት ሰው ብቻ ነው። ቀጥዪ።»

አዲሱ ገጽ ሳይለቀቅ በፊት እትዬ ልክ አንድ ነገር ያዘች፤ የሰው ቃል ያለ ፈቃዱ አይወጣም አለች። ፎቶው ላይ ያለውም ቢሆን ድሮውኑ መጠየቅ ነበረብኝ ብላ ራሷን ወቀሰች። ሦስት ቀን ሙሉ ደወለች። አብዛኞቹ «ስሜ ካልወጣ የፈለግሽውን አድርጊ» አሏት። ያ ረጅሙ እግሬ ነው የሚያመኝ ያለው ወጥ ቤት ሠራተኛ ስቆ «እኔ ሳልታወቅ እግሬ ሊታወቅ ነው» አለ። አንዲት ሴትዮ ግን «የኔን ተይው፣ እባክሽ» አለቻት። ወዲያው አስወጣችው፣ ፎቶውንም ጭምር።

ከዚያ ልጅቱ መፈለጊያውን «እንደገና አንብብልኝ» ብላ ጠየቀችው። በዘጠነኛው ቀን እትዬ ልክ በአንድ ጣቷ «አንዱ እግሬ አጭር ነው ጫማ የት ላሠራ» ብላ ስትጽፍ፣ የውሻው እግር ወደ ታች ወርዶ የእሷ ሱቅ አራተኛ ላይ ተቀምጧል። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ደግማ አየችው። አራተኛ ነው። ለማንም አልደወለችም። ተንበርክካ አመሰገነችና ሥራዋን ቀጠለች።

ቀኑ ግን ሄዷል። ሰማዩ ከሰዓት ከሰዓት መክበድ ጀመረ። ትልቁ ልጇ ቅዳሜ ጠዋት መጣ፤ እጁ ላይ የብረት ሜትር ይዟል።

«እማዬ፣ ዛሬ ልክ ብቻ ልውሰድ። መኪናውን ማክሰኞ ነው የማመጣው።»

«ውሰድ» አለች። «ልክ መውሰድ ምን ክፋት አለው።»

ቃሏ ቃሏ ነው፤ አልተከራከረችም። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ቡሽ እየቆረጠች ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ የማሽኑን ወርድ ለካ። ቁመቱን ለካ። ሜትሩን ይዞ ወደ በሩ ሲዞር እጇን አነሣች።

«ዝም በል እስቲ።»

«ምን?»

«ስማ።»

ከታች ሰው እየወጣ ነው። አንዱ እርምጃ ይከብዳል፣ አንዱ ይቀላል። ይከብዳል፣ ይቀላል። መሃል ላይ ቆመ። በርጩማዋ ጣ ስትል ተሰማ፤ ተቀምጦ አረፈ ማለት ነው።

«ጋሽ ሃሎ ነው» አለ ልጁ በሹክሹክታ።

«ዱላው የታል? ጋሽ ሃሎ አይደለም። ይሄን እግር አላውቀውም።»

እርምጃው ቀጠለ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረሰ። በሩ ላይ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ቆማለች፤ የፀጉር ቤት ጋዎን ለብሳለች፣ ስልኳን በእጇ ይዛለች፣ ትንፋሿ አልተሰበሰበም።

«ይቅርታ፣ ጫማ ቤቱ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው ልጄ። ግቢ።»

«ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መቆም ነው።» ስልኳን አሳየቻት። «ይሄን ያለው ሰው ማን ነው? የሚያመኝ ረጅሙ ነው ያለው። እኔ አጠገቤ ላሉት ሁሉ ስናገር ይስቁብኛል። ሐኪም እንኳን አጭሩን ነው ሲነካካ የዋለው። ትናንት ዝም ብዬ እንደመጣልኝ ስጽፈው ይሄ ወጣ።»

«እኛን ማን ነገረሽ?» አለ ልጁ። ድምፁ ትንሽ ተለወጠ።

«ማንም። ስልኩ ነው ያመጣኝ።»

እትዬ ልክ ወደ ልጇ ዞር አላለችም። ቀና ብላ ብታየው ልትስቅበት ትችላለች፣ እንግዳ ፊት ደግሞ ነውር ነው። ወንበሩን አቀረበች፤ ፀጉር ሠሪዋ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል «ቆይ፣ እሱ ይደርሳል» አለቻት። አሥራ አምስተኛውን ደብተር ከመሳቢያው አወጣች፣ ንጹሕ ገጽ ገለጠች፣ መነጽሯን አደረገች።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? እንደመጣልሽ ንገሪኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ መናገር ጀመረች። እትዬ ልክ በዚያ ዶሮ በጫረው ጽሕፈቷ ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፈች። ሴቲቱ መሃል ላይ እንባዋ መጣ፤ ጠበቀቻት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጻፈች። ከዚያ በኋላ ነው ሜትሩን ካንገቷ ያወረደችው።

ሁለቱንም እግር ለክታ፣ ወረቀት ላይ አስቁማ ዙሪያውን በእርሳስ ስታሰምር፣ ልጇ ክፍሉ ውስጥ እንደሌለ አስተዋለች። ከውጭ፣ ከደረጃው በኩል፣ የብረት ሜትር ሲሳብና ሲመለስ ይሰማል። በሩን ገፋ አድርጋ አየች። ጎልማሳው ልጇ አራተኛው ደረጃ ላይ ተንበርክኮ ግድግዳውን እየለካ ነው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«መደገፊያ» አለ ቀና ሳይል። «እዚህ የሚወጣው ሰው ሁሉ እንዲህ እያነከሰ ከሆነ ግራና ቀኝ ብረት ያስፈልገዋል። አንቺ ደግሞ በርጩማ አስቀምጠሽ ጨርሻለሁ ትያለሽ።»

«ማክሰኞ መኪና አመጣለሁ ያልከውስ?»

«አመጣለሁ። ብረቱን በምን ላመላልሰው ታዲያ?»

ውጭ የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታ ቆርቆሮውን መታው። እትዬ ልክ ወደ ውስጥ ልትመለስ አለችና ቆም አለች።

«ልኩን በደንብ ያዝ» አለችው፣ «ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ አጭርም ሰው ይመጣል።» ከዚያ ወደ ደንበኛዋ ገባች።